ኤልቪስና መዝሙሩ፦ «ለሽፋን ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

እኛ አገር «ኤልቪስ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ፀጉር ነው። ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ካስባሉት ነገሮች አንዱ ያ ወደ ላይ የተቆለለ ፀጉሩ ነበር። ስለ ዋናው ኤልቪስም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፀጉር፣ ዳሌ፣ የሚያብለጨልጭ ነጭ ልብስ፣ ላስ ቬጋስ። ለዚህ ነው ስለ ኤልቪስና ስለ መዝሙር የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ሲደርሰኝ ቡናዬን ይዤ ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩት። ቡናው ሳያልቅ ተናደድኩ።

ጸሐፊው ብዕር አላቸው፤ ይህን አልክድም። ሐሳባቸው ሲጠቀለል ግን ኤልቪስ ፕሪስሊ መዝሙር የዘመረው ለሽፋን ነው የሚል ነው። አምስት ነጥብ ያነሳሉ። አንደኛ፣ በዳሌ ውዝዋዜው የተቆጡ ወላጆችን ለማባበል ማናጀሩ ያመጣው ዘዴ ነው። ሁለተኛ፣ ወደ መዝሙር የዞረው ገበያው ሲቀዘቅዝበት ነው። ሦስተኛ፣ መዝሙሩም ቢሆን ከጥቁሮች የተዘረፈ ነው። አራተኛ፣ ኪኒን የጨረሰው ሰው ስለ መዝሙር ፍቅር ሊወራለት አይገባም። አምስተኛ፣ ከልቡ ቢሆን ኖሮ ዘፈኑን ጥሎ ዘማሪ ይሆን ነበር።

እኔ ኤልቪስ ጻድቅ ነበር ልል አልመጣሁም። የምለው አንድ ነገር ነው። መዝሙር ለኤልቪስ ዘፈኑ ላይ በኋላ የተለጠፈ ነገር አይደለም። ቀድሞ የነበረው መዝሙሩ ነው፤ ዘፈኑ ነው በኋላ የመጣው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ።)

«ማናጀሩ ያመጣው ዘዴ ነው»

ማናጀሩ ቶም ፓርከር ኤልቪስ ሕይወት ውስጥ የገባው በ1955 ነው። ልጁ ያኔ 20 ዓመቱ ነው። እስከዚያ የት ነበር?

ቤተ ክርስቲያን። ኤልቪስ የተወለደው ጥር 8 ቀን 1935 ሚሲሲፒ ውስጥ ቱፔሎ በምትባል ከተማ፣ አባቱ በሠራት ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ነው። ቤተሰቡ የሚሄደው አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ ነበር፤ እኛ «ጴንጤ» ከምንለው ወገን። እናቱ ግላዲስ ስታወራ፣ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ሳለ ከጭኗ ተንሸራቶ ይወርድና ኳየሩ ወዳለበት ይሮጥ ነበር። ቃሉን አያውቀውም። ዜማውን ግን አብሮ ለማለት ይታገላል። የእናት ወሬ ነው በሉት፤ እናት ልጇን ማሞገሷ የት ይቀራል። ጊታር ሲገዛለት ግን ኮርድ ካሳዩት ሰዎች አንዱ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ፍራንክ ስሚዝ ናቸው። ይኼ የእናት ወሬ አይደለም።

የዳሌው ነገርማ ጭራሽ ያስቃል። በዚያ አካባቢ የጴንጤቆስጤ ሰባኪ አንድ ቦታ ቆሞ አይሰብክም። ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። ኤልቪስ ራሱ እንቅስቃሴውን ከእነሱ እንዳየ ተናግሯል። እንግዲህ ወላጆችን ያስቆጣው ዳሌ የተማረው ምስባኩ አጠገብ ነው ማለት ነው። መዝሙሩ ለዳሌው መሸፈኛ ተፈለገ ከማለት ይልቅ ሁለቱም ከአንድ ቤት ወጡ ማለት ይሻላል።

በ1948 ቤተሰቡ ወደ ሜምፊስ ገባ። ኤልቪስ 13 ዓመቱ ነው። ሜምፊስ ውስጥ ኤሊስ ኦዲቶሪየም የሚባል ትልቅ አዳራሽ ነበረ፤ እዚያ የአዳር ዝማሬ ይደረጋል። የእኛን የአዳር ጸሎት የሚያውቅ ሰው ግማሹን ገምቶታል። ሌላው ግማሽ ግን ትርኢት ነው። ኳርቴቶች ተራ በተራ ይወጣሉ። አራት ወንዶች፣ አራት ድምፅ፣ አንድ ፒያኖ። ሙሉ ልብስ፣ የተቀባ ፀጉር። ላይኛው ቴነር ጣራ ይነካል፤ ቤዙ ደግሞ ወለሉ ውስጥ ይገባል። አንዱ ቡድን ከሌላው እበልጣለሁ ብሎ ይፎካከራል፤ ሕዝቡ ይጮሃል። ብላክውድ ብራዘርስ የሚባሉት መቀመጫቸው ሜምፊስ ነበር። ስቴትስሜን የሚባሉት ደግሞ ከአትላንታ ይመጣሉ፤ መሪ ድምፃቸው ጄክ ሄስ ነው። ኤልቪስ ከጄክ ሄስ አፍ አይነቀልም ነበር። በኋላ ኤልቪስ ቀስ ያለ ዜማ ሲዘፍን አንዲቷን ቃል ለስልሶ ይጀምርና መጨረሻዋ ላይ የሚያጎላት ነገር አለ አይደል? የጄክ ሄስን ድምፅ ፈልጋችሁ ስሙት። ቀሪውን ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ጄ. ዲ. ሰምነር የሚባል፣ ድምፁ ከምድር በታች የሚወርድ ቤዝ ነበረ። እሱ ደጋግሞ ይተርካት የነበረች ነገር አለች። አንድ ልጅ በዝማሬው ቀን ሁሉ ይመጣ ነበር። አንድ ጊዜ ቀረ። ምነው ቀረህ ሲለው የመግቢያ ገንዘብ አጥቼ ነው አለው። ሰምነር ከዚያ ወዲያ ልጁን በጓሮ በር ያስገባው ጀመር። ልጁ ኤልቪስ ነው። ይህችን ታሪክ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጸሐፊው ዋና ማስረጃ ያደረጉት ጥር 6 ቀን 1957 ነው። ኤልቪስ ለሦስተኛ ጊዜ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀረበ። ካሜራው ከወገብ በላይ ብቻ እንዲያሳየው ተደረገ። እሱም «ፒስ ኢን ዘ ቫሊ»ን ዘመረ፤ በሸለቆው ሰላም ይሆናል የሚለውን መዝሙር። «አያችሁ? ዳሌውን ደብቀው መዝሙር አስያዙት» ይላሉ። በዚህ ግማሽ እውነት አላቸው። ያ ምሽት ለስሙ ጠቅሞታል፤ ፓርከርም የሚጠቅመውን ነገር አይቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ግን ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የሆነውን ነገር ጽሑፋቸው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1956 ነው። ኤልቪስ የመጀመሪያ ሸክላውን ወደ ቀረጸባት ሜምፊስ ወዳለችው ሰን ስቱዲዮ ጎራ አለ። ዘፋኙ ካርል ፐርኪንስ እየቀረጸ ነበር። ፒያኖው ላይ ያኔ ብዙ ሰው የማያውቀው ጄሪ ሊ ልዊስ አለ። ጆኒ ካሽም መጣ። ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺ ብቅ ብለው ፎቶ ተነሥቷል፤ ይኼን አልደብቅም። ከዚያ ግን ቴፑ እየዞረ ልጆቹ እንደ ልባቸው ሆኑ። ቀረጻውን የሰማ ሰው ያውቀዋል። በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰው ያወራል፣ ይሳሳቃል። አንዱ ዜማ ይጀምርና ይረሳዋል። እና ምን ይዘፍናሉ? በብዛት መዝሙር። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይተካል፤ ከአሥር ያላነሱ አሉ። ኤልቪስ ይጀምራል፣ ጄሪ ሊ ከሥር ይገባል፣ ፐርኪንስ ይከተላል። ማንም «በስንት ነው? ቃሉስ?» ብሎ አይጠይቅም። ከልጅነት የሚያውቁት ነው። «ፒስ ኢን ዘ ቫሊ»ም እዚያው አለ፤ ከሱሊቫን ፕሮግራም አንድ ወር በፊት።

የሚባበል ወላጅ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ቴፑ ለሽያጭ የወጣው ደግሞ በ1980ዎቹ ነው፤ ኤልቪስ ከሞተ በኋላ።

«ገበያው ሲቀዘቅዝበት ነው የዞረው»

ይኼኛውን ለመመለስ ካላንደር ይበቃል።

የመጀመሪያው የመዝሙር ሸክላው የወጣው በ1957 ነው። ያ ዓመት አገር ያበደለት ዓመት ነው። ሁለተኛውን ልንገራችሁ። በመጋቢት 1960 ከውትድርና ተመለሰ። በዚያው ዓመት ነጠላ ዜማዎቹ ተከታትለው አንደኛ ወጡ፤ የፊልሙ አልበምም አንደኛ ወጣ። ከዚህ በላይ ገበያ የለም። በዚህ መሀል ጥቅምት 30 ማታ ናሽቪል፣ ስቱዲዮ ቢ ገባ። አጃቢ ኳርቴቱ ጆርዳኔርስ ከጎኑ አሉ። እስኪነጋ ቆዩ። ሲወጡ 14 ዜማ ቀርጸዋል። በአንድ ሌሊት! ዛሬ አንድ ነጠላ ዜማ ሦስት ወር በሚፈጅበት ዘመን ይኼን ማሰብ ይከብዳል። እንዲህ የፈጠነው ልምምድ ስላላስፈለገው ነው። «ሂዝ ሃንድ ኢን ማይን» የተባለው ያ አልበም 12ቱም መዝሙር ነው። ግማሹ ኤሊስ ኦዲቶሪየም ቁጭ ብሎ የሰማው የስቴትስሜን ዓይነት ነው። ሌላው ደግሞ የጥቁር ኳርቴቶች ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

አልበሙ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 13ኛ ደረሰ። በማግስቱ ዓመት «ብሉ ሃዋይ» የሚባለው የፊልም አልበሙ 20 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። ለገበያ የሚያስብ ሰው የቱን እንደሚደግም ግልጽ ነው።

ፍትሐዊ ልሁን። ኩባንያው መዝሙሩን ሸጦበታል። በዚያው ሌሊት የተቀረጸው «ክራይንግ ኢን ዘ ቻፕል» አምስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ በ1965 ለፋሲካ ወጣ። አሜሪካ 3ኛ፣ እንግሊዝ አገር አንደኛ ሆነ። ያኔ ኤልቪስ በርግጥ ገበያው ቀዝቅዞበት ነበር፤ እነቢትልስ መጥተዋል። ጸሐፊው ይቺን ይዘው ነው የሮጡት። ግን ሸክላው የወጣበትን ቀንና የተዘመረበትን ቀን ማምታታት ነው ይኼ። ነጋዴው ሲያወጣው 1965 ነው። ሰውየው ሲዘምረው 1960 ነው፤ ጫፍ ላይ ሳለ።

ደግሞ በ1966 የሆነውን እዩት። ኤልቪስ በዓመት ሦስት ሦስት ፊልም እየሠራ፣ የማይረቡ የፊልም ዘፈኖችን እየዘፈነ ደንዝዞ ነበር። እኔም ከእነዚያ ብዙዎቹን ሁለት ጊዜ መስማት አልችልም። ከዚያ እንቅልፍ ያስነሳው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ የ1968ቱን የቴሌቪዥን ዝግጅት ይጠቅሳል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ግን በግንቦት 1966 እንደገና ናሽቪል ሄዶ «ሃው ግሬት ዛው አርት»ን ቀርጿል። አጃቢዎቹ ኢምፔሪያልስ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ጄክ ሄስ አለ። አስቡት፣ ልጅ ሆኖ ከወንበር ላይ አንጋጦ ያየው ሰው አሁን ጎኑ ቆሟል። እዚያ ሸክላ ላይ ያለው ድምፅ ከፊልሞቹ ድምፅ ጋር የአንድ ሰው አይመስልም። የመጀመሪያ ግራሚውን ያገኘው በዚህ ነው። ሁለተኛውን በ1972ቱ «ሂ ተችድ ሚ» አገኘ። ሦስተኛውን ደግሞ በ1974 ሜምፊስ መድረክ ላይ በዘመረው በዚያው በ«ሃው ግሬት ዛው አርት»። የሮክ ኤንድ ሮል ንጉሥ የሚባለው ሰው ተወዳድሮ ያሸነፈው ግራሚ ሦስት ነው። ሦስቱም በመዝሙር።

«ከጥቁሮች የተዘረፈ ነው»

ይህ ነጥብ እንደሌሎቹ አይደለም። በቀላሉ አላልፈውም፤ ማለፍም አይገባኝም።

ዕዳው አለ። ትልቅ ዕዳ ነው። ያ የሱሊቫን ምሽት መዝሙር የቶማስ ዶርሲ ነው። ዶርሲ ጥቁር ነው፤ የጎስፔል አባት ይሉታል። መዝሙሩን የጻፈው ለጥቁሯ ዘማሪ ለማሃሊያ ጃክሰን ነው። ሜምፊስ ውስጥ ደግሞ ኢስት ትሪግ ባፕቲስት የምትባል የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ፓስተሯ ኸርበርት ብሩስተር ይባላሉ፤ ማሃሊያ ጃክሰንን በመላ አገሪቱ ያሳወቀውን መዝሙር የጻፉት እሳቸው ናቸው። ኤልቪስ በጉርምስናው እዚያ እየሄደ ይሰማ ነበር። ጥቁርና ነጭ በሕግ በተለያየበት ከተማ ማለት ነው። ጎልደን ጌት ኳርቴት የተባሉትን ጥቁር ዘማሪዎች ደግሞ እጅግ ይወድ ነበር። ጀርመን ወታደር ሳለ ፓሪስ ድረስ ሄዶ አግኝቷቸዋል። የ1960ው አልበም ውስጥ የእነሱ ዓይነት ዝማሬ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

አንድ ነጭ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሚሊየነር ሆነ። ከሰማቸው ጥቁሮች ብዙዎቹ የእሱን ሩብ እንኳ አላገኙም። ይኼ ግፍ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ብቻ ቢሉ ኖሮ እጄን አወጣላቸው ነበር።

«ዘረፋ» ያሉት ግን ሌላ ነው። ሌባ ያገኘበትን ቤት አይናገርም። ወደዚያ የታኅሣሥ 1956 ቴፕ ልመልሳችሁ። በመሀል ኤልቪስ ወሬ ይጀምራል። ላስ ቬጋስ የቢሊ ዋርድን ቡድን አይቻለሁ፤ አንድ ልጅ የእኔን «ዶንት ቢ ክሩዌል» ሲዘፍን ሰማሁ ይላል። ከእኔ ሸክላ በጣም የተሻለ ነው ይላል። አራት ሌሊት እየተመላለሰ እንዳየው ያወራል። ከዚያ ዘፈኑን ልጁ እንደዘፈነው አድርጎ ለጓደኞቹ ያሳያቸዋል፤ ድምፁን ያስመስላል፣ መጨረሻውን እንዴት እንደሳበው ይስባል። ያ ልጅ ጃኪ ዊልሰን ነው። ስሙን ኤልቪስ ያኔ አያውቀውም። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከኤልቪስ የበለጠ ታዋቂ ዘፋኝ አልነበረም። ዘፋኞቻችንን የምታውቁ ፍረዱ፤ የራሱን ዘፈን ሌላ ሰው የበለጠ ተጫወተው ብሎ እንዲህ የሚደሰት ስንት አይታችኋል?

ደግሞ ጸሐፊው የዘነጉት ሌላ ነገር አለ። የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ነጮችም የራሳቸው የኳርቴት ዝማሬ ነበራቸው። ብላክውዶችና ስቴትስሜን እዚያ ውስጥ ናቸው። እነሱ ራሳቸው ከጥቁሮቹ ይሰሙ ነበር፤ ጥቁሮቹም ከእነሱ። ኤልቪስ ሁለቱንም ጠጣ። መጠጣቱ ብቻ አይደለም፤ በ1969 ወደ መድረክ ሲመለስ ከኋላው በአንድ በኩል ኢምፔሪያልስን፣ በሌላ በኩል ስዊት ኢንስፓይሬሽንስ የሚባሉትን ጥቁር ሴቶች አቆመ። እነዚህ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ዝማሬ የመጡ ናቸው። አንዷ ሲሲ ሂዩስተን ናት፤ የዊትኒ እናት። ከጀርባው ያለውን አሰላለፍ ያየ ሰው ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

«ኪኒን የሚውጥ ሰው…»

አጭር መልስ አለኝ። አዎ፣ ይውጥ ነበር። በ42 ዓመቱ ሞተ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ቪዲዮ ሳይ እኔም ፊቴን አዞራለሁ።

ግን ጥያቄው መዝሙር ይወድ ነበር ወይ ነው። ቅዱስ ነበር ወይ አይደለም። ሰካራም አባት ልጁን አይወድም ማለት ነው? ያውም ሰውነቱ በከዳው በእነዚያ ዓመታት፣ ሌላውን ዘፈን ግማሽ ግማሹን እየበላ ሲያልፍ፣ «ሃው ግሬት ዛው አርት» ላይ ሲደርስ ሰውየው ይነቃል። የ1974ቱን ሜምፊስ ስሙት። መጨረሻው ላይ ያን ከፍታ ሲወጣው የታመመ ሰው አይመስልም።

«ለምን ዘማሪ አልሆነም?»

ጸሐፊው በዚህ ነው የጨረሱት። እኔም ይኼኛውን ሳስብ ነው ሁለት ቀን የቆየሁት። ጥያቄው የእኛ ነው። እኛ ዘንድ ዘፈንና መዝሙር መካከል ግንብ አለ። ዘፋኝ ጌታን አገኘሁ ካለ ዘፈኑን ይተዋል፤ ካልተወ አላገኘም እንላለን። ዘማሪ ሠርግ ላይ አንድ ዘፈን ብትጫወት ስሟ ለሳምንት መነጋገሪያ ይሆናል። ይህን ሚዛን ይዘን ሜምፊስ ስንሄድ ኤልቪስ ቀለለ።

እዚያም ግንቡ ነበር፤ አልነበረም አልልም። ሮከሩ ሊትል ሪቻርድ በ1957 ዝናው ጣራ በነካበት ሰዓት አውስትራሊያ ጉብኝት ላይ ሳለ ዘፈኑን ትቶ ወደ ስብከት ሄደ። በኋላ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ጄሪ ሊ ልዊስ በዚያው ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ፣ ቀረጻው እየሄደ፣ የዓለም ሙዚቃ ነፍስ ያጠፋል ብሎ ከሰን ስቱዲዮ ባለቤት ከሳም ፊሊፕስ ጋር ሲከራከር ተቀድቷል። ድምፁ ላይ ፍርሃት አለ። ከዚያ ክርክሩን ተወና ዘፈኑን ዘፈነው። ሳም ኩክ ደግሞ ከመዝሙር ኳርቴት ወጥቶ ዘፈን ሲጀምር የመዝሙር አድማጮቹ ተቀየሙት። ዶርሲ ራሱ፣ የጎስፔሉ አባት፣ ቀድሞ የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። የብሉዝ ዘፋኟን ማ ሬይኒን ያጅብ ነበር፤ እናቶች ፊት የማይደገሙ ዘፈኖችም ጽፏል። ከሰባኪ ቤት ወጥቶ ጭፈራ ቤት ገባ፤ ከጭፈራ ቤት ወጥቶ መዝሙር ጻፈ።

ሁሉም ግንቡን እየዘለሉ ቆሰሉ። ኤልቪስ ግን ግንቡን እንዳላየ ሆኖ አለፈው። ያ የ1960ው ሌሊት 14 ዜማ ነው ብያችኋለሁ። 12ቱ የአልበሙ መዝሙር፣ አንዱ «ክራይንግ ኢን ዘ ቻፕል»። አሥራ አራተኛውስ? «ሰረንደር» ነው። ለአንዲት ሴት እጅሽን ስጪ የሚል የፍቅር ዘፈን። በዚያው ስቱዲዮ፣ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው አፍ። በማግስቱ ዓመት አንደኛ ወጣ። ይህን ግብዝነት ነው የሚል ሰው መብቱ ነው። እኔ ግን ግብዝ ሰው ቢያንስ በተለያየ ቀን ያደርገዋል እላለሁ።

ዘፈኑም ቢሆን ከመዝሙሩ የራቀ አልነበረም። «ዶንት ቢ ክሩዌል» ላይ ከኋላው የሚያጅቡትን አራት ወንዶች ስሟቸው። ጆርዳኔርስ ናቸው፤ የመዝሙር ኳርቴት ሆነው ነው የተነሡት። ሌላው ሮከር ሳክስፎን ከኋላው ሲያቆም እሱ ኳርቴት አቆመ። ከዚያ እስኪሞት ድረስ ኳርቴት ሳይኖር መድረክ የወጣበት ጊዜ ብዙ አይደለም። በ1972ቱ «ኤልቪስ ኦን ቱር» ፊልም ላይ ከመድረክ ውጭ ስታምፕስ ከሚባለው አጃቢ የመዝሙር ቡድኑ ጋር ሲዘምር ይታያል። መሪ ድምፅ ልሁን አይልም። ከነሱ መሀል ገብቶ ድምፁን ከድምፃቸው ጋር ያዋህዳል፤ አንዱ ጥሩ አድርጎ ሲያወጣው ፊቱ ይፈካል። ላስ ቬጋስም ቢሆን በሌሊት ሁለት ዝግጅት አቅርቦ፣ ክፍሉ ገብቶ፣ ፒያኖ ዙሪያ ሰብስቦ እስከ ንጋት ሲያዘምራቸው ያድር እንደነበር አብረውት የነበሩት ሁሉ ያወራሉ። ደከመን ያሉም አሉ። የአዳር ፕሮግራም ነው እንግዲህ፤ ቦታው ሆቴል ሆነ እንጂ።

ደግሞም ዘማሪ ለመሆን ሞክሯል። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ የመጨረሻውን አንቀጽ የሚጽፉት አይመስለኝም። ሸክላ ከማውጣቱ በፊት ሶንግፌሎውስ ለሚባል የወጣቶች ኳርቴት ተፈትኗል፤ ከብላክውዶች ቤት ጋር የተያያዘ ቡድን ነው። አልተቀበሉትም። ሰኔ 30 ቀን 1954 የብላክውዶች አውሮፕላን አላባማ ውስጥ ተከሰከሰ፤ ከአራቱ ዘማሪዎች ሁለቱ ሞቱ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 5፣ ኤልቪስ ሰን ስቱዲዮ ገብቶ «ዛትስ ኦልራይት»ን ዘፈነ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል።

ከሞቱት አንዱ ቤዙ ነበር። በእሱ ቦታ የገባው ጄ. ዲ. ሰምነር ነው፤ ያ በጓሮ በር የሚያስገባው። በ1958 ግላዲስ ስትሞት ብላክውዶች ቀብሯ ላይ ዘመሩ፤ በጣም የምትወዳቸው እነሱን ነበር። በ1971 ኤልቪስ ሰምነርን ከነቡድኑ፣ ከነስታምፕስ፣ ቀጠረው፤ እስከ መጨረሻው አብሮት ቆየ። ነሐሴ 18 ቀን 1977 በመኖሪያ ቤቱ በግሬስላንድ ሳሎን ውስጥ አስከሬኑ ፊት ከዘመሩት መካከል ጄክ ሄስ፣ ጄምስ ብላክውድና የሰምነር ስታምፕስ ነበሩ።